የአናጢው ቀንበር



ጌታችን በምኵራብ ሲያስተምር የሰሙት የአገሩ ሰዎች ተሰናክለውበታል። እርሱን የሚያውቁት በአናጢነቱ ነበርና ጥበቡን ለመቀበል አልወደዱም (ማር. 6፥3)። ይህ ንቀት ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። እንጨት ጠራቢውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን መስደብ ልማድ ሆኖ በመኖሩ፣ ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ግን ምላስን ቢገታ ልብን አይለውጥም።

ከእኛም ልብ አልጠፋም። ከዓመታት በፊት ለቁምስናችን አትሮንስ ባስፈለገን ጊዜ፣ በአጥራችን ሥር በመጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ የሚሠሩትን ሽማግሌ አልፈን፣ በመኪና የተሠራና ላዩ የሚያብረቀርቅ ከከተማ ገዛን። ሁለት ክረምት ሳያልፍ በርጥበት አብጦ ተፈረካከሰ። በኀፍረት ወደ ሽማግሌው ሄድን። እርሳቸውም አንዳች ሳይወቅሱን፣ በጥላ ያደረቁትን የዋንዛ ሳንቃ አወጡ።

የአባቱን ሙያ ንቆ ከቤት የወጣው ልጃቸው በዚያን ሰሞን ሥራ አጥቶ ተመልሶ ነበር። መላጊያውን በእጁ ሰጡት። ቸኩሎ ሲገፋው እንጨቱ ተቦጨቀ። «ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳታይ አትላገው» አሉት። ልጁ ዝቅ ብሎ እንጨቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ ሳንቃውን አዙሮም እንደ ገና ጀመረ።

እኛም ቆመን ስንመለከት ትምህርቱ ለእኛ ጭምር መሆኑን ተረዳን። እግዚአብሔር እኛን የሚያቀናን በዚሁ ትዕግሥት አይደለምን? ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ዘመን እንደ ጻፈው፣ ጌታችን በአናጢነቱ የእርሻ ዕቃና ቀንበር ይሠራ ነበር። በደንብ ያልተጠረበ ቀንበር የበሬን ጫንቃ እንደሚያቆስል ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ቀንበሬ የሚከብድ አይደለም ብሎ የጠራን (ማቴ. 11፥30) ጫንቃን የማያቆስል ቀንበር እንዴት እንደሚጠረብ የሚያውቅ ጌታ ነው።

ይህን ስንል መኪናን ለመኰነን አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ መኪና ለሰው ረዳት ሊሆን እንደሚችል፣ ሰውንም ባሪያው ሊያደርግ እንደሚችል አስተምረዋል። የሥራም ክብር መሠረቱ የተሠራው ነገር ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው መሆኑን ገልጸዋል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል የደነገጉት ይህንኑ ክብር ለማጽናት ነው።

ስለዚህ፣ ምእመናን ሆይ፣ ከሩቅ ከመግዛታችን በፊት የጎረቤታችንን ደጅ እንርገጥ፤ የድካሙንም ዋጋ ሳንከራከርና ሳናዘገይ እንክፈል። አባቶች ሙያችሁን ለልጆቻችሁ አስተምሩ፤ ልጆችም የአባታችሁን መሣሪያ ለማንሣት አትፈሩ።

ዛሬ ቅዱስ ወንጌል የሚነበበው በዚያ አትሮንስ ላይ ነው። የልጁ የመጀመሪያ ስሕተት በስተ ጀርባው እስከ አሁን ይታያል። ሽማግሌው እንዲሸፈን አልወደዱም፤ እኛም ባየነው ቍጥር የራሳችንን ስሕተት እናስታውሳለን።

የናዝሬቱ አናጢ ቅዱስ ዮሴፍ ስለ እጆቻችን ሥራ ያማልደን። አሜን።