ለፈጣኑ መንገድ የከፈለው ማነው?

ለዓመታት ከሻሸመኔ ወደ አዲስ አበባ ስመላለስ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። አሮጌው መንገድ የሁሉም ነው። የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ የአህያ ጋሪው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፣ ውኃ ሊጠጡ የሚነዱት ከብቶች ሁሉ ይጋፉበታል። ወደ ክፍያው መንገድ ስንገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። አጥር አለ፤ እግረኛ የለም፤ ጋሪም የለም። ሾፌሩ ትከሻውን ያላላል። ላልዋሽ፣ እኔም እፎይ እላለሁ።

የሚከነክነኝ ይኸው እፎይታ ነው።

የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅ «ለመንገድም ይከፈላል እንዴ?» ያልን ብዙ ነን። ዛሬ ለምደነዋል። «የተጠቀመ ይክፈል» ሲባል ደግሞ ለጆሮ ፍትሐዊ ነው። መኪና የሌለው ገበሬ ለእኔ ፍጥነት ለምን ይክፈል?

ግን እኮ ይከፍላል! ያ መንገድ የተሠራው በመንግሥት በጀትና ከቻይናው ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። በእኛ አቅጣጫ የተያዘው የሞጆ–ሐዋሳ መንገድም ክፍል በክፍል ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከኮሪያ፣ ከዓለም ባንክና ከቻይና ብድር ተወስዶበታል። ክፍያ ጣቢያው ላይ የምንሰጠው ብር ነው፤ ብድሩ የሚመለሰው በውጭ ምንዛሪ ነው። የመንግሥት ዕዳ ደግሞ የሁላችንም ዕዳ ነው። ጋሪ ነጂው ሳሙና በገዛ ቁጥር እንዳይገባበት ለተከለከለው መንገድ ያዋጣል ማለት ነው።

ክፍያው ይቅር አልልም። እግረኛና ፈጣን መኪና መለያየታቸውም ነፍስ ያድናል። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ባለሥልጣኑም፣ ነጋዴውም፣ ጋዜጠኛውም በዚያው በአሮጌው መንገድ ይንገላታ ስለነበር ጉድጓዱ የሁሉም ጉዳይ ነበር። አሁን ድምፁ የሚሰማው ሰው ከፍሎ ሄደ። በአሮጌው መንገድ የቀሩት ድምፃቸው ሩቅ የማይደርስ ሰዎች ናቸው። ታዲያ የእግረኛ መሄጃ ይሠራ፣ ልጆቹ የሚሻገሩበት ይበጅ ብሎ ማን ይጩህላቸው?

ሻሸመኔ የመንገድ ልጅ ናት። ከሐዋሳ፣ ከወላይታ፣ ከባሌ የመጣው ሁሉ የሚገናኝባት፣ ቆሞ በሚበላና በሚገበያይ መንገደኛ የምትኖር ከተማ ናት። ስለዚህ አጥር ማዶ ያለውን ሰው መርሳት ለእኛ ከማንም በላይ ነውር ነው።

ክፍያ ጣቢያው ላይ የሚሰጠን ደረሰኝ የፍጥነቱን ዋጋ ብቻ ይናገራል። ከአጥሩ ማዶ ያለብንን ዕዳ አይሰርዝልንም።