ፈቃድ ከማን?

ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ፈላስፎችም የሃይማኖት አባቶችም ብዙ ብለውበታል። እኔ ወደዚህ ጥያቄ የደረስኩት በሞተር ብስክሌት በኩል ነው። ዕድሜዬ ከሃምሳ አምስት አልፏል፤ ሙያዬ ሕክምና፣ ኑሮዬም እንግሊዝ አገር ነው። ካለፈው ጸደይ ጀምሮም ለሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀሁ እገኛለሁ።

ምክንያቱን ባጭሩ ልናገር። ተወልጄ ባደግሁባት ትንሽ ከተማ የጤና ጥበቃ ሠራተኛው የሚመጣው በሞተር ብስክሌት ነበር። አቧራው ከሩቅ ሲነሣ እኛ ልጆች ልንቀበለው እንሮጣለን። ሐኪም የመሆን ምኞቴና የሞተር ፍቅሬ በአንድ ቀን የተፀነሱ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ምኞት ሶቪየት ኅብረት ድረስ ወሰደኝ፤ ትምህርቴን ስጀምር የነበረችው አገር ስጨርስ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ሥራው፣ ስደቱ፣ ልጅ ማሳደጉ ተከታተለ። ሁለተኛው ምኞት ከሠላሳ ዓመት በላይ ተራውን ሲጠብቅ ኖረ።

በምኖርበት አገር ይህ ፈቃድ በቀላሉ አይገኝም። በመጀመሪያ መሠረታዊ ሥልጠና አለ። ቀጥሎ የንድፈ ሐሳብ ፈተና ይመጣል፤ ከ50 ጥያቄዎች 43ቱን መመለስ ግድ ነው፤ በተንቀሳቃሽ ፊልም ላይም ሊደርስ ያለውን አደጋ ቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ከዚያም በተከለለ ሜዳ ላይ ሞተሩን በኮኖች መካከል ማጠማዘዝ፣ በጠባብ ቦታ ዞሮ መመለስ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዱ ሳይንሸራተቱ በድንገት መቆም ይፈተናል። የመጨረሻው ፈታኙ ከኋላ እየተከተለ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚካሄደው ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የነካው አንድ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። ሞተረኛ ከመታጠፉ በፊት በትከሻው በኩል ዞር ብሎ ስፖኪዮ የማያሳየውን ቦታ ማየት አለበት። እንግሊዞች ይህን እይታ «ሕይወት አዳኝ» ይሉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በምለማመድበት ሜዳ ላይ አሠልጣኙ ከፍጥነት ይልቅ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፦ «አየህ? ከኋላህ ማን አለ?» ጥያቄው የመንገድ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ወደ ቤቴ ይዤው እገባለሁ። በእውነት ከኋላዬ ማን አለ?

እ.ኤ.አ. በ1935 በግንቦት ወር «የዓረቡ ሎረንስ» እየተባለ የሚጠራው እንግሊዛዊ በዶርሴት ገጠር በሞተር ብስክሌት ሲሄድ በብስክሌት ላይ ከነበሩ ሁለት ልጆች ጋር ላለመጋጨት ሲል ወደቀ። የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ አውስትራልያዊው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት አጥንቶ በ1941 የራስ ቁርን ጥቅም የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። የእንግሊዝ ጦር በዚያው ዓመት ለሞተረኞቹ ቁሩን ግዴታ አደረገ፤ ለሲቪሉ ሕዝብ ግን ግዴታ የሆነው በ1973 ነው። በመካከሉ ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈ።

መዘግየቱ ያለ ነገር አይመስለኝም። ወታደር አካሉ የመንግሥት ነው፤ ሲቪሉ ሰው ግን «ጭንቅላቴ የራሴ ነው» ሊል ይችላል። ሕጉ ከወጣ በኋላም እንኳ በ1976 ጥምጣም የሚያደርጉ ሲኮች ከግዴታው ነጻ ተደርገዋል። ሕግ ራሱ ከሰው ጭንቅላት ደኅንነት በላይ የሚቆም ነገር እንዳለ አምኗል ማለት ነው። ጆን ስቱዋርት ሚልም በ1859 ባሳተመው ስለ ነጻነት በሚናገረው መጽሐፉ ኅብረተሰብ አንድን ሰው ለገዛ ጥቅሙ ብሎ ሊያስገድደው እንደማይገባ፣ ማስገደድ የሚቻለው ሌላውን እንዳይጎዳ ብቻ እንደሆነ ተከራክሯል። ነገር ግን ይኸው ሚል በራሱ ላይ በሚያደርገው ነገር የሚተዳደሩበትን ቤተሰቦቹን የሚጎዳ ሰው ሊወቀስ እንደሚገባ ጨምሮ ጽፏል። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ብዙዎች ይዘሉታል።

በእኛ በስደተኞች ዘንድ ደግሞ ይህ ነጥብ ክብደት አለው። የአንድ ስደተኛ ደመወዝ በየወሩ ስንት ቤት እንደሚገባ እናውቃለን። አንዱ ድንገት ሲያልፍ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የሚያዋጣው፣ ልጆቹን የሚያጽናናው፣ ለእናቱ መርዶ የሚያረዳው ማን እንደሆነ እናውቃለን። በብሪታንያ መንገዶች ላይ ከተሽከርካሪው እንቅስቃሴ የሞተሩ ድርሻ አንድ በመቶ ያህል ሲሆን፣ ከሟቾቹ ግን አምስተኛውን ያህል የሚይዙት ሞተረኞች ናቸው። ይህን እያወቀ ለደስታው ሲል ሞተር ላይ የሚወጣ የቤተሰብ አባት ምን ይባላል?

በሙያዬ በየዕለቱ ሕመምተኞችን በስምምነት ቅጽ ላይ አስፈርማለሁ። ስምምነት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ እውነቱን ማወቅ፣ የመወሰን ችሎታ፣ ያለ ጫና መምረጥ። ሕመምተኛው አደጋውን በገዛ ሥጋው ስለሚቀበል ፊርማው የእርሱ ነው። የሞተረኛው ጉዳይ ግን ይለያል። ሞተረኛው ቢሞት ሕመሙ ያበቃል፤ ዕዳውን ለዓመታት የሚከፍሉት ያልፈረሙት ናቸው። ታዲያ ፊርማው ከእነርሱ መጠየቅ አይገባውምን?

«እንዲህ ከሆነ ሰው የሌሎች ንብረት ሆነ» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ደስታም የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ከአደጋ ሁሉ የተጠበቀ ሕይወት ሁልጊዜ የተኖረ ሕይወት እንዳልሆነ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ከመካከላችን በረሃና ባሕር አቋርጦ የመጣው ወገናችንም አደጋን መርጧል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ መክሮበት፣ ንብረት ተሸጦለት፣ ተመርቆ ነው የወጣው። እንጀራን ፍለጋ ለሚደረግ አደጋ ምክር ካስፈለገ፣ ደስታን ፍለጋ ለሚደረገውማ እንዴት አያስፈልግ? ስለዚህ በእኔ እምነት ለቤተሰባችን ያለብን ዕዳ አደጋን ፈጽሞ አለመቅመስ አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ሳያውቁና ሳይመክሩበት አለመግባት ነው።

ሞተሩን ከመግዛቴ በፊት ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ የምትለምነኝ ፈቃድ ነው ወይስ ጸሎት?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ የስምምነት ትርጉም በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አላነበብኩም። ቆርጦ የጨረሰ ሰው የሚለምነው ጸሎት ነው፤ ፈቃድ የሚለምን «አይሆንም» የሚለውን መልስ ለመቀበል የተዘጋጀ መሆን አለበት። «ፈቃድ ነው፣ እማዬ» አልኳት። አንድ ሳምንት ጠይቃኝ፣ በሳምንቱ ፈቀደች።

ባለቤቴ ግን የሟቾቹን ቁጥር ራሷ አንብባ፣ ጥያቄዋን በወረቀት ጽፋ ነው ለውይይት የተቀመጠችው። ስምምነቷ አራት ነገር አለው፦ በሌሊት አልነዳም፤ በበረዶ ወራት አልነዳም፤ በበጋ ሙቀትም ቢሆን ሙሉ የመከላከያ ልብስ ሳልለብስ አልወጣም፤ የሕይወት ዋስትናው ሞተሩን እንዲጨምር ይደረጋል። በመጨረሻም፣ «ሕመምተኞችህ ከፈረሙም በኋላ ሐሳባቸውን መለወጥ ይችላሉ አይደል?» አለችኝ። ይችላሉ አልኳት። «እኔም» አለች።

የሜዳው ፈተና በሚቀጥለው ወር ነው። ባልፍ መንግሥት የሚሰጠኝ ፈቃድ እስከ ሰባ ዓመቴ ያገለግላል። የባለቤቴ ፈቃድ ግን እንዲህ ያለ ዘመን አልተቆረጠለትም፤ በማንኛውም ጠዋት «ዛሬ ይቅር» ብትለኝ ቁልፉን መልሼ አስቀምጣለሁ።