ዕረፍት የሥራ ደመወዝ ነውን?

ዘመን በተለወጠ ቁጥር ሰው ከራሱ ጋር ውል ይዋዋላል። ቀድሞ የዚህ ውል ጉዳይ በአብዛኛው ምግባር ነበር፤ ከተጣሉት ጎረቤት ጋር መታረቅ፣ መጠጥ መተው፣ የተቋረጠ ትምህርት መቀጠል። ዛሬ ግን፣ በተለይ በከተሞች፣ ሰውነት ቀዳሚውን ስፍራ ይዟል። ክብደት መቀነስ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ መሮጥ፣ በስፖርት ቤት ተመዝግቦ የዓመት ክፍያ መክፈል የአዲስ ዓመት ስእለት ሆነዋል። ልማዱ ሥር የሰደደው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። ሆኖም በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአገሬው ጋር አብረው ይሳላሉ፤ አዲስ አበባም ብትሆን፣ መስቀል አደባባይን በንጋት ያየ ሰው የስእለተኛውን ብዛት አይጠራጠርም።

ውድ አንባብያን፣ ሰውነትን መንከባከብ መልካም መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም በየቤቱ ምን ያህል እንደ ገቡ ቁምስናዎቻችን ያውቁታል፤ ሐኪም ተንቀሳቀስ ያለው ሰው ይንቀሳቀስ። እኛ ልንመረምረው የፈለግነው ከስእለቱ በስተጀርባ የተሸሸገውን አሳብ ነው። ያ አሳብ ዕረፍት የሚገባው ለሠራ፣ ለደከመና ያቀደውን ለፈጸመ ብቻ ነው የሚል ይመስለናል። እንዲህ ከሆነ ዕረፍት ደመወዝ ነው፤ ላልሠራ አይከፈልም።

እስቲ አስቀድመን ስእለቱ የሚውልበትን ወቅት እንመልከት። እኛ ክረምት ስንል ዝናብን፣ ጭቃንና የሞላ ወንዝን እናስባለን። በሰሜኑ ዓለም ግን ክረምት ማለት ብርድና ጨለማ ነው። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በስቶክሆልም ከተማ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትታየው ለ6 ሰዓት ያህል ነው። የዚያ አገር ገበሬ በጥንት ዘመን እህሉን ወደ ጎተራ፣ ከብቱን ወደ በረት ካስገባ በኋላ መሬቱ በብርድ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥርበት ማረስ አይችልም ነበር። ስለዚህም መሣሪያውን እየጠገነ፣ እንጨት እየፈለጠ፣ በጊዜ እየተኛ ይከርማል።

ዓመቱ በዚህ ጨለማ መካከል፣ በጃንዋሪ 1 ቀን፣ መጀመሩም ከተፈጥሮ የመጣ ሕግ አይደለም። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ153 ዓመት ቆንስሎቻቸው በዚያ ቀን ሥልጣን እንዲይዙ አደረጉ፤ ይህ የቤተ መንግሥት ጉዳይ እንጂ የእርሻ ጉዳይ አልነበረም። እንግሊዞች በበኩላቸው እስከ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የሕጋዊ ዓመታቸው መጀመሪያ ማርች 25፣ የብሥራት በዓል ዕለት ነበር። ወደ ጃንዋሪ ያዛወሩት እ.ኤ.አ. በ1752 ነው። ብርዱ አልፎ ምድር ስትለሰልስ ዓመትን መጀመር ለገበሬ ልብ የቀረበ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። አሁን ግን ስእለቱ የሚወድቀው ሰውነት ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ እንቅልፍ በሚፈልግበት ሰሞን ነው። ተኛ የሚለውን አካል ጦርነት ይጠሩታል።

በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ አድራ፣ ጠዋት በበረዶ ላይ ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት እናስብ። ለእርስዋ የጃንዋሪ ስእለት ሦስተኛ ሥራ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስእለቱ ሲፈርስ የሚተርፋት ጸጸት ነው፤ ሰነፍ ነኝ ትላለች። እንዲህ የምትለው ደግሞ በቤተሰቡ ውስጥ ከሁሉ አብልጣ የምትሠራው ሴት ናት!

የእኛም ክረምት ቢሆን የዕረፍት ወቅት አይደለም ብሎ የሚከራከረን ገበሬ ቢነሣ እውነቱን ነው። የጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ በሐምሌ ይዘራል፤ በነሐሴ ጎተራው በተራቆተበት ወር አረም ወገብ ያጎብጣል። የገበሬያችን ዕረፍት ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ነው። ስለዚህ የፈረንጁን ክረምት ከራሳችን ክረምት ጋር ማምታታት አይገባም። ነገር ግን የዘመን አቆጣጠራችን በአሮጌውና በአዲሱ ዓመት መካከል አንዲት ትንሽ ደጃፍ ሠርቶልናል። ጳጉሜን አምስት ቀን ናት፤ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ትሆናለች። የወር ደመወዝተኛ እንደሚያውቀው ለእርስዋ ተብሎ የሚከፈል ደመወዝ የለም፤ ይህንንም አብዛኛው ሰው የሚያነሣው በማማረር ነው። በጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ የተባረከ ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይወጡና ይመቱታል። አዋቂዎችም በዚሁ ሰሞን ወንዝ ወርደው ይጠመቃሉ። አሮጌው ዓመት የሚሸኘው በመቀበል ነው እንጂ በመሳል አይደለም። ውሃው ማን ምን እንደ ሠራ ሳይጠይቅ በሁሉ ላይ ይወርዳል።

ቋንቋችን ስለ ዕረፍት የሚናገረውም ሊመረመር የሚገባው ነው። ዐረፈ ስንል ደክሞት ተቀመጠ ማለታችን ነው፤ ስለ ቅዱስ ሰው ሲሆን ደግሞ ከዚህ ዓለም ተለየ ማለታችን ነው። ያው ቃል በትእዛዝ ሲነገር ግን ተግሣጽ ይሆናል። እረፍ! የተባለ ልጅ የተጋበዘ አይመስለውም፤ ዱላው እንደ ቀረበ ያውቃል። ሥራ ፈት የሚለውም ስድብ ነው። ሆኖም መፍታት የሚለው ግስ በእርሻ ቦታ ክፉ ቃል አይደለም፤ በሬ ከቀንበር ሲፈታ ደስ የማይለው ገበሬ የለም። ሳይዘራ የቀረ መሬት ጦም አደረ ይባላል። ይህም የሚነገረው በቁጭት ነው፤ ይሁን እንጂ አባቶቻችን ላረፈ መሬት ከጾም ላይ ቃል መዋሳቸው ያስገርማል። መሬትም እንደ ሰው ይጾማል፤ ጾሙም የሚፈታበት ቀን አለው። መሬቱ ለቤተሰብ በማይበቃበት ባሁኑ ጊዜ ማሳውን ዓመት ሙሉ ማሳረፍ የሚችል ገበሬ ጥቂት ነው፤ ቢያንስ ጤፉን በባቄላ ወይም በሽምብራ እያፈራረቀ ያሳርፈዋል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በኦሪት ዘፍጥረት ትረካ ሰው የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነው። ሰባተኛው ቀን እንግዲህ ለፈጣሪ የሥራው ፍጻሜ ሲሆን፣ ለሰው ግን የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ሆነ። አዳም አንድ ትልም ሳያርስ፣ አንዲት ዛፍ ሳይኮተኩት በዕረፍት ውስጥ ነቃ። ዕረፍቱ የሥራው ዋጋ ሊሆን አይችልም፤ ገና አልሠራማ! ነቢዩ ኤልያስም እንዲሁ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው፣ ነፍሱን ለማዳን ሸሽቶ በምድረ በዳ ሞትን በተመኘ ጊዜ ከሰማይ የመጣለት ወቀሳ አይደለም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውሃ ነው። አንድ ጊዜ በልቶ መልሶ ተኛ፤ መልአኩም ለሁለተኛ ጊዜ አብልቶት ነው የአርባ ቀን መንገድ የጀመረው። ከካቴኪስቶቻችን መካከል ይህን ታሪክ የሚያስተምር ሁሉ የሁለተኛውን እንቅልፍ ባይዘለው እንወዳለን፤ ብዙ ጊዜ ወደ ተራራው ለመድረስ ስለምንቸኩል እንዘለዋለን።

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ ስንፍና ኀጢአት አይደለምን ቢል ምን እንመልስለታለን? በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ እዚህ ላይ የሚረዳን ይመስለናል። በላቲን አቼዲያ የሚባለውን የነፍስ ስንፍና ሲመረምር፣ ይህ ኀጢአት የሚጻረረው የሰንበትን ትእዛዝ ነው ይላል፤ ትእዛዙ አእምሮ በእግዚአብሔር እንዲያርፍ ይጠይቃልና። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማውን ሰው ያደናግራል። ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ ብቻ ይመስለን ነበር፤ በዚህ ትምህርት መሠረት ግን ማረፍ ያቃተው ሰውም ሰነፍ ሊሆን ይችላል። ቀኑን በስብሰባ፣ ማታውን በስልክ፣ ንጋቱን በሩጫ የሚሞላ ሰው ከራሱ ጋር ለብቻው መቀመጥን እየሸሸ እንደ ሆነ ማን ይመረምራል? ይኸው ቅዱስ ሊቅ ስለ ኀዘን መድኃኒት በጻፈበት ክፍል እንቅልፍንና ገላ መታጠብን ከመድኃኒቶቹ ቈጥሯቸዋል።

የሥጋም ሥርዓት ይህንኑ ይመሰክራል። ጡንቻ የሚጠነክረው በሩጫው ሰዓት አይደለም፤ በሩጫ የተጎዳው የሚታደሰው ሰው ሲተኛና ሲመገብ ነው። የማራቶን ሯጮች ከታላቅ ውድድር በኋላ ልምምዳቸውን ትተው ማረፋቸው የአሠልጣኝ ትእዛዝ ነው፤ እነርሱን እናስመስላለን የሚሉ ስእለተኞች ይህን ክፍል ሳይሰሙት ቀርተዋል። በጋሞ ደጋ በጨንቻ የሚበቅለውን ፖም የበላ ሰው ደግሞ፣ ዛፉ ቆላ ወርዶ ለምን እንደማያፈራ ይጠይቅ። የፖም ዛፍ በብርድ የሚተኛበት ጊዜ ካላገኘ በደንብ አያብብም። ሞቃት አገር፣ ሁልጊዜ ለምለም ቅጠል፣ ፍሬ ግን የለም።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታን የምትጾም ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው በአዲስ ዓመት ሰውነቱን ቢያስጨንቅ ልትነቅፍ ትችላለችን? በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጾም የማኅበር ነው፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ባለጸጋውና ድኻው አብረው ይገቡበታል፤ ለታመመችና ለወለደች ሴት ምሕረት አለው፤ የሚያበቃበት ቀን የታወቀ ሲሆን መጨረሻውም ማዕድ ነው። ጌታችንም የሚጾም ሰው ፊቱን ታጥቦ ጾሙን ከሰው ዓይን እንዲሰውር አስተምሯል። የአዲስ ዓመት ስእለት ግን ብዙ ጊዜ ሰው ብቻውን ከመስታወት ጋር የሚገባው ውል ነው፤ ምሕረት የለውም፤ ማዕድም የለውም። ለመታየት የተጀመረ ደግሞ የሚያየው ሲያጣ ይቋረጣል። ሁሉም እንዲህ ነው አንልም፤ ከባልንጀራው ጋር እየተጨዋወተ በእግሩ የሚሄድ ሰው ዕረፍቱን በመንገድ ላይ አግኝቶት ይሆናል።

ዕረፍት ደመወዝ ነው የሚለው አሳብ ትልቁ ጉዳቱ ግን በስእለተኛው ላይ አይደለም። ደመወዝ ከሆነ የአልጋ ቁራኛ የሆነው ሽማግሌ በምን ያርፋል? ሥራዋ እንደ ሥራ የማይቈጠርላትስ መቼ ይከፈላታል? የሰንበት ትእዛዝ በኦሪት ዘጸአት ሲነገር ምክንያቱ ፍጥረት ነው፤ በኦሪት ዘዳግም ሲደገም ግን ምክንያቱ የግብፅ ባርነት ነው። ባሪያ የነበርህ አንተ ወንድና ሴት አገልጋይህ እንደ አንተ እንዲያርፉ አድርግ ይላል የትእዛዙ አሳብ። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። በመኖሪያ ቤት የምታገለግለው ሠራተኛ ግን ከዚህ አዋጅ ወሰን ውጭ ናት። በዓረብ አገሮች የሚሠሩ እኅቶቻችን የዕረፍት ቀን ሲነፈጉ እንቈጣለን፤ ቍጣችንም ተገቢ ነው። በገዛ ቤታችን ስላለችው ልጅ ግን፣ ምን ሥራ አላት፣ ቤት ውስጥ አይደለም ወይ የምትውለው፣ እንላለን።

በመስከረም መባቻ ለሩጫ በ11 ሰዓት ሌሊት የሚነሣ ሰው በሩን ከኋላው የሚዘጋለት አለ። ሲመለስ ውሃው ሞቆ፣ ቁርሱ ቀርቦ ይጠብቀዋል፤ ያቀረበችው ከእርሱ ቀድማ ተነሥታ ነው። ስእለቱ በዓመቱ መጨረሻ ቢሳካለት እንኳ ከእርስዋ እንቅልፍ ላይ ተቈርሶ የተሳካ ነው። ስለዚህ ለአዲሱ ዓመት ዕቅድ የሚያወጡ ቤተሰቦች ከሁሉ አስቀድመው በቤታቸው ውስጥ የማታርፈው ማን እንደ ሆነች ይጠይቁ፤ ቀኗንም ቈርጠው ይንገሯት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለቤት ሠራተኞች ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ካቴኪስቶች እነማን እንደሚመጡ ታውቃላችሁ። ተመዝግበው የማይመጡትንም በስም ታውቋቸዋላችሁ፤ የብዙዎቹም አሠሪዎች በዚያው ዕለት ጠዋት ቅዳሴ ላይ ነበሩ።