ማክበር መታዘዝ ነውን?

ሰው ከሞተ በኋላ ቃሉ እስከ መቼ ያዛል? ይህን ጥያቄ ከሚያስነሡ ተውኔቶች አንዱ የናይጄሪያ ተወላጁ ኢኑዋ ኤላምስ የጻፈው «ሦስቱ እኅትማማቾች» ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ቲያትር ቀርቧል። ኤላምስ የሩሲያዊውን የአንቶን ቼኾቭን ተውኔት ወስዶ ቦታውን የኢግቦ ሕዝብ ወደሚኖርባት ወደ ኦዌሪ፣ ጊዜውን ወደ ቢያፍራ ጦርነት (1967–1970 እ.ኤ.አ.) አዛወረው።

መጋረጃው ሲገለጥ የሎሎ፣ የንኔ ቹኩና የኡዶ አባት ከሞተ ዓመት ሆኖታል። እኅትማማቾቹ ቀድሞ የኖሩባትን ሌጎስን ይናፍቃሉ፤ ጦርነቱ ግን መንገዱን ይዘጋባቸዋል። መካከለኛዋ ንኔ ቹኩ ገና በልጅነቷ ለታጨችለት መምህር ተድራለች። ምርጫው የእርሷ አልነበረም።

በኢግቦ ባህል ሟች በመቀበሩ ብቻ ተሸኘ አይባልም። ከቀብሩ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ «ኢክዋ ኦዙ» የሚባል የስንብት ሥርዓት ይደረግለታል፤ ያለዚያ ከአባቶቹ ጋር አያርፍም ተብሎ ይታመናል። ወጪውና ድካሙ የልጆች ነው። በቢያፍራ ጦርነት፣ በተለይም በረሃብ፣ ከሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ዘመድ በተበተነበት በዚያ ወቅት ወግ ያለው ስንብት ያገኘ ጥቂት ነው።

እንግዲህ በአንድ ባህል ውስጥ ሁለት ነገር እናያለን፤ አባትን በክብር መሸኘትና በአባቶች ውሳኔ መኖር። ሁለቱም «ማክበር» ይባላሉ። አንድ ናቸውን?

አይመስለኝም። ሕያው አባት ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። የልጁን እንባ አይቶ «ተሳስቻለሁ» ሊል ይችላል። የሞተው ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ በሟች ቃል ሌላውን ስናስር፣ ብዙ ጊዜ የምንታዘዘው አባታችንን ሳይሆን አንድ ቀን የተናገረውን ነገር ነው። በሕይወት ቢኖር ኖሮ ሊራራ ይችል የነበረውን ሰው ለዘላለም ጨካኝ እናደርገዋለን።

«ታዲያ ለሟች የገባነውን ቃል እንዳሻን እንሻረው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሲመቸን ብቻ የምንጠብቀው ቃል ክብር አይባልምና። ነገር ግን ዋጋውን ማን እንደሚከፍል እንጠይቅ። ለስንብቱ ልጅ ከራሱ ጉልበትና ከራሱ ገንዘብ ይከፍላል። ለጋብቻው ግን የከፈለችው፣ ሳትጠየቅ የታጨችው ልጅ ናት።

በእኛም ቤት «የአባታችን ኑዛዜ ነው» ተብሎ እኅት ከርስት ድርሻዋ ስትነፈግ፣ ወንድም ከማይወደው ሙያ ጋር ሲታሰር እናያለን። ሙት ወቃሽ እንዳንባል ዝም እንላለን። ወላጅን የማክበር ትእዛዝ ለሁላችንም ተሰጥቷል፤ የአባታችንን ስም ተጠቅመን ወንድማችንን እንድንጭን ግን አልተፈቀደልንም። ወጣት ሆይ፣ ለአባትህ ቃል ልትከፍል ብትወድ ከራስህ ክፈል። የእኅትህን ድርሻ አንሥተህ ስትከፍል ግን አባትህን አከበርሁ አትበል።