ለሚሰድብህ ገዢ በምን ልክ ትለካለታለህ?

አንባቢ ሆይ፤ ከባንኮኒ ኋላ ቆመህ እንጀራህን የምታገኝ ሰው እንደ ሆንህ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። በዕረፍት ወራት የአጎትህን ሱቅ የምትጠብቅ ተማሪ ብትሆን፥ እኅቴም ሆይ፥ በጫማ ወይም በልብስ መደብር ተቀጥረሽ ከጧት እስከ ማታ በእግርሽ የምትቆሚ ብትሆኚ፥ ነገሩ ያንቺም ነው። ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ብዙ ተሰብኮልናል፤ ቀኑን ሙሉ የሰውን ክፉ ቃል ሲቀበል ስለሚውል ሻጭ ግን ብዙ አልሰማንም። ዳሩ ግን የሻጭ ክርስትና የሚመዘነው እሑድ በመዝሙር ጊዜ አይደለም፤ ማክሰኞ በአምስት ሰዓት ገዢው ዕቃውን በባንኮኒው ላይ ወርውሮ «ሌባ!» ሲል ነው።

ሥራህን ታውቀዋለህና ብዙ መዘርዘር አያስፈልገኝም። አንዱ ገና ከደጅ ሳለ «አንተ ልጅ!» ብሎ በጣቱ ይጠራሃል፤ የራስህ ልጆች ዕድሜውን የሚያህሉ ሆነው ሳለ። አንዲቱ ሃያ ጥንድ ጫማ ካስወረደችህ በኋላ «ዞሬ ልምጣ» ብላ ትወጣለች፤ ይህም በማለዳ የሆነ እንደ ሆነ ባለ ሱቁ ገዴ ከፋ ብሎ ፊቱን እንዳጠቈረ ይውላል። ሌላው ገንዘቡን በቴሌብር ልኬአለሁ ይላል፤ መልእክቱ ግን አልደረሰህም፤ ጥቂት ይታገሡኝ ብትለው ውሸታም ልታደርገኝ ነውን ብሎ ይጮኻል። ይህ ጠብ ከ2013 ዓ.ም. በፊት የማይታወቅ አዲስ ጠብ ነው። ሌላው ደግሞ ከመቶ 15 የሚሆነውን ታክስ ላለመክፈል ያለ ደረሰኝ ሽጥልኝ ይልሃል፤ እንቢ ብትል ወዳጅነትህን ይክዳል።

ስለ ዋጋ ክርክር ግን አትቀየም። ገዢ ዕቃህን ቢያጣጥል ስድብ አይደለም፤ የገበያ ቋንቋ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ በ20ኛው ምዕራፍ ጠቢቡ ይህን ነገር አይቶታል፤ በሻጩ ፊት ዕቃውን ሲያናንቅ የነበረው ገዢ ዘወር ካለ በኋላ እንዴት እንደሚኰራበት ሲጽፍ ፈገግ ያለ ይመስለኛል። ጣሊያን በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ታላቁን ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ አዛወረው፤ ክርክሩ ግን ከገበያው ጋር አብሮ ሄደ እንጂ አልቀረም። የመጨረሻው ስንት ነው የሚልህን ሰው እንደ ጠላት የምትቈጥረው እንደ ሆነ፥ ሥራውን ገና አልተማርኸውም።

እኔ የምናገረው በእውነት ስለሚያቈስለው ቃል ነው። ይህም ቃል በነዚህ ዓመታት በዝቷል። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ያህል የነበረው የአሜሪካ ዶላር ብዙ ወራት ሳይቈይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው ዘይትና ጨርቅ፥ ጫማና መድኃኒትም ዋጋው ወጣ። ገዢው አስመጪውን አያየውም፤ ጅምላ ነጋዴውንም አያገኘውም። ያለፈው ወር ዋጋ በልቡ ይዞ ይመጣል፤ የሚያገኘውም ያንተን ፊት ነው። ደመወዙ ሳይጨምር ልጆቹን የሚያበላ አባት በቍጣ ሲናገርህ፥ የሚናገረው ላንተ ብቻ አይደለም፤ አንተ በቅርብ የተገኘህ ጆሮ ነህ።

ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቁም። ያ ሰው «ሌባ» ያለህ እውነቱን ቢሆንስ? በመደርደሪያህ ላይ በድሮው ዋጋ የገዛኸው ዕቃ ሳለ፥ ዜናውን በሰማህበት ማታ ዋጋውን የለወጥኸው አንተ አይደለህምን? ዘይቱን ከጓዳ ደብቀህ «አልቋል» ያልህ አንተ አይደለህምን? እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ በስድቡ ከመቈጣትህ በፊት ስድቡን መርምረው። ክፉ አፍ ያለው ሰው ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። እኔ ስለ ትዕግሥት ከመስበኬ በፊት ይህን መጠየቅ ይገባኛል፤ ሕሊናው ንጹሕ ያልሆነ ሻጭ ትዕግሥት ቢያደርግ ትዕግሥቱ ሌላ ማታለል ነውና።

አሁን የራሴን ነገር ልንገርህ። በ1987 ዓ.ም. የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ፥ በክረምቱ ዕረፍት በመርካቶ በአንድ የጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ አቡጀዲና ፖፕሊን እለካ ነበር። ወንጌልን ከተቀበልሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በእሑድ ትምህርት ቤትም ለሕፃናት ስለ ትሕትና ማስተማር እወድ ነበር። በሐምሌ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናብ ሲጥል አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸው በስብሶ ገቡና ስድስት ሜትር አቡጀዲ ጠየቁኝ። ዋጋውን ብነግራቸው ጮኹ። ሌባ አሉኝ፤ አሳዳጊ የበደለህ አሉኝ፤ ከዚያም እናቴን አነሡብኝ። እናቴ የሞተችው በዚያው ዓመት ነበረ። በሱቁ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ገዢዎች እየሳቁ ይመለከቱኝ ነበር።

እኔም አንድ ክፉ ቃል አልመለስሁም። «እሺ አባቴ» አልሁ። ድምፄ ለስላሳ ነበረ፤ ያዩኝም ሁሉ እንዴት ያለ ታጋሽ ልጅ ነው ሳይሉ አልቀሩም። እጄ ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ጨርቅ ለክተህ የምታውቅ እንደ ሆነ ምን እንዳደረግሁ ይገባሃል። ጨርቁን በሜትሩ እንጨት ላይ ወጥሬ ሳብሁት፤ በየመዞሪያውም አውራ ጣቴን ወደ ኋላ መለስ አደረግሁ። በያንዳንዱ ሜትር ሦስት አራት ጣት ቢጐድል በስድስቱ ላይ ምን ያህል እንደሚሆን ቍጠረው። ቈርጬ፥ አጥፌ፥ በወረቀት ጠቅልዬ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሲወጡም ልቤ ተደሰተ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ወጣት እየሮጠ መጣ። «ቅድም አባቴ የወሰዱት ጨርቅ አልበቃንም፤ ስንገንዘው እግሩ ጋ አጠረ፤ ግማሽ ሜትር ጨምርልኝ» አለኝ። የሞተው ወንድሙ ነበረ። ልጁ እኔን ከቶ አልጠረጠረኝም፤ አባቱ በኀዘን ብዛት ልኩን የሳቱ መስሎት ነበር፤ እንዲያውም ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ግማሽ ሜትር ቈረጥሁለት። ዋጋውንም ተቀበልሁት።

ይህን የምነግርህ ሰዳቢ ሁሉ በቤቱ ሬሳ አለው ልልህ አይደለም። አብዛኛው ሬሳ የለውም። አንዳንዱ ኀዘንም ችግርም የሌለው፥ በጥጋብ ብቻ የሚሳደብ ባለጌ ነው። በዚያ ሽማግሌ ፈንታ እንዲህ ያለ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ኃጢአቴ ይቀልልኝ ነበርን? አይቀልልኝም። ስድስት ሜትር የተከፈለበት ስድስት ሜትር ነው። ሜትሩ የገዢውን ጠባይ እንዲለካ አልተሰጠኝም፤ ጨርቁን እንዲለካ ነው እንጂ። ነቢዩ አሞጽ በ8ኛው ምዕራፍ መስፈሪያ የሚያሳንሱትንና ሚዛን የሚያዛቡትን ሲወቅስ፥ ገዢው ጨዋ ሲሆን ብቻ የሚል ቃል አልጨመረበትም።

ወዳጄ ሆይ፤ በየሱቁ የሚደረገውን ይህን የተሰወረ ብድር መላሽነት አስተውል። አፍ ዝም ሲል እጅ ይናገራል። ቲማቲሙ ከሥር የፈረጠው ይደረግበታል፤ የተፈለገው ቍጥር በጓዳ ሳለ «የለም» ይባላል፤ የሚቀጥለው ሱቅ የት እንደ ሆነ ሲጠየቅ በተገላቢጦሽ መንገድ ይነገራል። ከዚህም የባሰ አለ። ሻጩ በባለጠጋው ገዢ ላይ ሊቈጣ አይችልምና ቍጣውን ለሚቀጥለው ያቈየዋል። ከባለ መኪናው በኋላ የገባችው ድኻ «ስኳር አለ ወይ?» ስትል ፊቱን አዙሮ ይመልስላታል፤ ዕቃ የሚያወርደውን ተሸካሚ ያለ ጥፋቱ ይጮኽበታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው። ያ ተሸካሚስ ማታ ቤቱ ሲገባ በማን ላይ ይጮኽ ይሆን?

አንድ ክፉ ቃል ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ ለማየት አንደኛ ሳሙኤልን በ25ኛው ምዕራፍ ላይ አንብብ። ዳዊት በበግ ሸለታ ቀን ስንቅ ይሰጠው ዘንድ ዐሥር ብላቴኖች ወደ ናባል ላከ። ናባል ሦስት ሺህ በጎች ያሉት ባለጠጋ ነበረ፤ ብላቴኖቹን ግን አዋርዶ መለሳቸው። ዳዊትም ስለዚህ ስድብ አራት መቶ ሰዎች ሰይፍ አስታጥቆ ተነሣ። እንግዲህ ስድቡን የተናገረው አንድ ሰው ነው፤ ዳዊት ሊያጠፋ የተነሣው ግን የዚያን ቤት ወንዶች ሁሉ ነው። ያዳናቸው የናባል ሚስት አቢግያ ናት። እርስዋ ባልዋ ትክክል ነው አላለችም፤ ዳዊትንም ቍጣህ ይገባሃል አላለችውም። እንጀራውንና በጎቹን በአህዮች ጭና፥ ፈጥና በመንገድ ተቀበለችው፤ ጥፋቱንም ጥፋት ብላ ጠራችው። ትሕትናዋ ምላስዋን አላሰራትም።

ይህን የማነሣው ስለ ትዕግሥት ሲሰበክ ብዙ ሰው ድዳ ሁን የተባለ ስለሚመስለው ነው። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በቆመ ጊዜ ከሎሌዎቹ አንዱ በጥፊ እንደ መታው በዮሐንስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ጌታ አልመታውም፤ አልሰደበውምም፤ ነገር ግን ዝም ብሎ አላለፈውም፤ የመታበትን ምክንያት ጠየቀው። አንተም እንዲሁ በጸጥታ «ጌታዬ፥ ምን አጐደልሁብዎ?» ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። ገንዘብ ልኬአለሁ የሚለውን ሰው «ይምጡ አብረን እንመልከት» ብለህ የላከበትን ቍጥር ከርሱ ጋር ብታነብ፥ ጠቡ በአንድ ፊደል ስሕተት የመጣ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ያለ ደረሰኝ ለሚለውም «አልችልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በቂ ነው፤ ስለ ሕግ ረጅም ስብከት አትጨምርበት። ይህን ስብከት እኔ ሞክሬው ነበር፤ ጠቡን አብዝቶታል እንጂ አላበረደውም።

ለእናንተም ለባለ ሱቆች አንድ ቃል አለኝ። በግድግዳችሁ ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰቅላችኋል። ይህ ቃል ለንግድ ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሸሚዝ ስለ ገዛ በሠራተኛችሁ ላይ ንግሥና አያገኝም። ያቺ በወር ደመወዝ የምትቆም ልጅ አንድ ሰካራም እጅዋን ሲይዛት ወይም ነውር ሲናገራት፥ እናንተ ሽያጩ እንዳይበላሽ ብላችሁ ዐይናችሁን ወደ ሒሳብ መዝገብ ብታዘነብሉ፥ ትዕግሥትዋን የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ። «ወንድሜ፥ ከዚህ ሱቅ ውጣ» ማለት የባለቤቱ ፈንታ ነው። እንዲህ ያለውንም ሰው ማስወጣት ከክርስቲያን ትሕትና ጋር አይጣላም። ገዢ በሐሰት በከሰሳት ጊዜም የእርስዋን ቃል ሳትሰሙ ከደመወዝዋ አትቍረጡ።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ያን ወጣት ፈለግሁት፤ ሰፈሩን አልጠየቅሁትም ነበርና አላገኘሁትም። በሦስተኛው ቀን ያደረግሁትን ሁሉ ለባለ ሱቁ ነገርሁት። እርሱ በሜትር የማያጭበረብር ሰው ነበረ። አልጮኸብኝም፤ ሜትሩን ከእጄ ወስዶ ከባንኮኒው ሥር አኖረው። ከዚያም ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል ጣቃ ከማውረድና ከመስቀል በቀር ሌላ ሥራ አልሰጠኝም። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን ጧት ምንም ሳይናገር ሜትሩን መልሶ ሰጠኝ።

የመጀመሪያዪቱ ገዢ አንዲት ወፍራም ድምፅ ያላት እመቤት ነበረች። ለልጆች ዩኒፎርም ዐሥር ሜትር ፈለገች። ገና ጣቃውን ስፈታ «አንተ፥ ደግሞ እንዳትሰርቀኝ!» አለችኝ። ጆሮዬ ጋለ። ጨርቁን በባንኮኒው ላይ ሳልስበው አነጠፍሁት፤ ሜትሩንም በሁለት እጄ ለእርስዋ አቀረብሁላትና ራስዋ እንድትለካ ለመንኋት። እርስዋም አንድ ጊዜ ሜትሩን፥ አንድ ጊዜ ፊቴን አይታ፥ «ለካ፥ ለካ» አለችኝ፤ እኔም ለካሁ።