ድምፁን ማን ሰማው?

አንድ የገርጂ ሰው አሮጌ ኮሮላ ነበረችው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ የሚገባው በእሷ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ይብስ ይሳሳላት ጀመር።

በኅዳር ብርድ፣ አንድ ማለዳ ቁልፉን ቢያዞር «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ብላ ቀረች። ጎረቤት ገፍቶለት አስነሳና መገናኛ ወደሚገኝ ባትሪ ሻጭ ወሰዳት። ሻጩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ባትሪህ ሞቷል» አለው። አዲስ ገዛ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ያው ድምፅ ተመለሰ። ወደ ሞተሪኖ ጠጋኝ ቢወስዳት እሱ በበኩሉ «ሞተሪኖው ነው» አለ። ሰውየውም ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተሪኖ ገዝቶ አስገጠመ። እሱም አልበጀም።

በመጨረሻ ጉርድ ሾላ አካባቢ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው መፍቻ አላነሡም።

«ልጄ፣ ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ?»

«ጋሼ፣ አሁን አሁን ቀንም ይላል።»

«ቁልፉን ስታዞር የፊት መብራቱ ምን ይሆናል?»

«አይቼው አላውቅም።»

መብራቱን አስበርተው ቁልፉን አስዞሩት። መብራቱ ጭልም አለ። «ቢፋጭ ኖሮ የሞተሪኖውንና የቮላኖውን ጥርስ አይ ነበር፤ ሲጥ ቢል ቺንጋውን። መብራቱ ሳይደክም አንዴ ብቻ ቀጭ ቢል ሞተሪኖውን እጠረጥር ነበር። ይሄ ግን ኃይል መንገድ ላይ እየቀረበት ነው» አሉ። ደጋግመው ካስሞከሩት በኋላ በኔጌቲቩ ገመድ ላይ እጃቸውን አሳለፉ። ገመዱ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ቦታ ሲደርሱ ሞቃቸው። ብሎኑ ላልቶ፣ ሥሩ ዝጎ ነበር። ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ አጥብቀው አሰሩት። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ።

የምሳሌው ፍቺ ይህ ነው። ባትሪ ሻጩም ሞተሪኖ ጠጋኙም ሊያታልሉ አልተነሡ ይሆናል። ነገር ግን በድምፁ ውስጥ የሰሙት መደርደሪያቸው ላይ ያለውን ዕቃ ነው። ሽማግሌው ግን ለድምፁ ስም ከመስጠታቸው በፊት ጠየቁት፤ ስለዚህም እውነቱን ነገራቸው።

በቤታችንም እንዲሁ ነው። የልጅ ውጤት ሲወርድ አባት «ስንፍና ነው» ይላል፣ አስጠኚ «ተጨማሪ ሰዓት ያስፈልገዋል» ይላል። ሁሉም የለመደውን መድኃኒት ያቀርባል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በየትኛው ትምህርት እንደሆነ፣ ከሰሌዳው ላይ አጥርቶ ማየት ይችል እንደሆነ ልጁን ቀርቦ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መኪናህም ሆነ ልጅህ ድምፅ ሲያሰማህ ለመፍረድ አትቸኩል። መቼ፣ የት፣ ስንት ጊዜ ብለህ ጠይቅ፤ ገንዘብህንም ቃልህንም የምታወጣው ከዚያ በኋላ ይሁን።