ሸክላው የማን ነው?

ለመሆኑ በስልኩ በነጻ የሚሰማውን ዘፈን፣ የመጀመሪያውን ሸክላ ካልገዛሁ ብሎ ከቀለቡ የሚቆጥብ ሰው አፍቃሪ ነው ወይስ ሞኝ? በዚህ ነገር ስንከራከር አመሸን።

በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ በዴይተን ከተማ የተቋቋመ ጋይድድ ባይ ቮይሰስ የሚባል የሙዚቃ ቡድን አለ። መሪው ሮበርት ፖላርድ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. «ፕሮፔለር»ን ሲያወጡ የመጨረሻችን ነው ብለው 500 ሸክላ ብቻ አሳተሙ። ሽፋኑን አንድ በአንድ በእጅ ሠሩት፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። (የዚህችን መጽሔት ገጾች ስናጣጥፍ ያመሸን ሰዎች ነገሩ ይገባናል።)

ዛሬ ያ ሸክላ ዋጋው አይቀመስም። ትርፉ ግን ከሻጭ ወደ ሻጭ ይዞራል እንጂ ሽፋኑን ለሠራው እጅ አይደርስም። ይባስ ብሎ እንዳይጫር ተብሎ የማይደመጥ ሸክላ አለ። ሊሰማ የተሠራን ነገር አፉን ዘግቶ ማስቀመጥ፣ እንደኛ እንደኛ፣ በደል ነው።

ግን እኛስ? በነጻ ያገኘነውን አልበም እስከ መጨረሻው ያደመጥን ስንቶቻችን ነን? ልብስ እያጠብን፣ ለምሳ ተሰልፈን፣ ግማሹን ሰምተን እናልፈዋለን። ዘፋኙ የለፋበትን እንደ ጀርባ ጫጫታ መቁጠርስ በደል አይደለም? ያ ሞኝ ያልነው ሰው ስንት ወር የጠበቀውን ሸክላ ሲያገኝ በሩን ዘግቶ፣ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። እዚህ ላይ ልንስማማ ጥቂት ሲቀረን አንዱ ጓደኛችን፣ «ማጫወቻ ባይኖረውስ?» አለና መብራቱን አጠፋው።